ከፖስታ ቤት ጠረጴዛ እስከ ቤተ መንግሥት፦ ስለ ሴኩ ቱሬ ጠይቁኝ

ባለፈው ስለ ሠራተኛ ማኅበር ስናወራ የጊኒ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበረውን የአህመድ ሴኩ ቱሬን ስም ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ዛሬ ሻዬን አፍልቼ ተቀምጫለሁ፤ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

የታሪክ ምሁር አይደለሁም። በአንድ ፋብሪካ የመሠረታዊ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ሰው ማንበብ የጀመርኩትም ለዚያ ነው፤ እሱም ከማኅበር ጸሐፊነት ነው የተነሳው። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ስጠራ እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ የትኛዋ ጊኒ እንደሆነች ንገረን። ሦስት አራት ጊኒ አለ እኮ።

ልክ ነህ፣ ያደናግራል። የፖርቱጋል የነበረችው ጊኒ ቢሳው ናት፤ የስፔን የነበረችው ኢኳቶሪያል ጊኒ። የኛይቱ የፈረንሳይ የነበረችው ናት፤ ዋና ከተማዋ ኮናክሪ።

ሰውየው በ1922 ፋራና በምትባል ከተማ ተወለደ። የኒጀር ወንዝ ከሚነሳበት ብዙም አይርቅም። ቤተሰቡ ከሳሞሪ ቱሬ ዘር ነን ይላል። ሳሞሪ ፈረንሳዮችን ለዓመታት ሲዋጋ ኖሮ በ1898 ተይዞ ጋቦን በግዞት የሞተ መሪ ነው። እንዲህ ያለ አያት ያለው ልጅ አንገቱን ደፍቶ እንደማያድግ መገመት ይቻላል።

ቁርኣን ቤት ገባ፤ ቀጥሎ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት። ከዚያ ኮናክሪ የሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ተባረረ። ምክንያቱ የምግብ አድማ ነው ይባላል፤ የሚቀርብልን ምግብ አይበላም ብሎ ተማሪ አስተባብሮ። ያኔ ዕድሜው 15 ገደማ ነው። ይቺን የምግብ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ የአገር መሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ለምን «አንቱ» አይሏቸውም?

እውነትሽን ነው ልጄ፣ እናቴ ብትሰማኝ ትቆጣኝ ነበር። ግን እኔ የተዋወቅኩት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ ነው። እዚያ ላይ «አንተ» ብዬው ቀረሁ።

ጥያቄ፦ የፖስታ ቤት ሠራተኛ እንዴት የማኅበር መሪ ሆነ?

ፖስታና ስልክ መሥሪያ ቤት የተቀጠረው በ1941 ነው። በዚያ ዘመን አንድ አፍሪካዊና አንድ ፈረንሳዊ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። በደመወዝ ቀን ግን አንድ አይደሉም። ፈረንሳዊው ላይ የአበል ዓይነት ይደረደርለታል፤ አፍሪካዊው ጥርሱን ነክሶ ይወጣል።

በ1945 የፖስታ ሠራተኞችን ማኅበር አቋቁሞ ዋና ጸሐፊው ሆነ። ፓሪስ ከሚገኘው ሴጄቴ ከሚባለው ትልቁ የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ጋር ተሳሰሩ። በ1946 እዚያ ጉባኤ ላይ ሄዶ የፈረንሳይ ማኅበራት እንዴት እንደሚሠሩ በዓይኑ አየ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ባማኮ ላይ የአፍሪካ ዴሞክራሲያዊ ስብስብ የሚባለው ታላቅ ፓርቲ ሲመሠረት እሱም ነበረበት። ማኅበሩና ፓርቲው ገና ከመነሻው አንድ ገመድ ሆነው ነው የተገመዱት። በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ጥያቄ፦ ትልቁ አድማ ሲሉ የትኛውን ነው?

የ1953ቱን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማኅበር ውስጥ የሠራ ሰው ምራቁን የሚውጥበት ታሪክ ነው።

በ1952 መጨረሻ ፓሪስ ለቅኝ ግዛቶቿ አዲስ የሥራ ሕግ አወጣች። ሳምንታዊ የሥራ ሰዓት ከ48 ወደ 40 ይወርዳል አለች። ሠራተኛው እልል አለ። አሠሪዎቹ ግን ካልኩሌተር አወጡ። እሺ፣ 40 ሰዓት ትሠራላችሁ፤ የ40 ሰዓት ብቻ ትወስዳላችሁ አሉ። ይህ ማለት ስምንት ሰዓት ሙሉ ከኪስህ ወጣ ማለት ነው። ሕግ የሰጠህን አሠሪህ በጓሮ በር ወሰደው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። በ48 ሰዓት ይገኝ የነበረው ደመወዝ በ40 ሰዓት እንዲገኝ ከተፈለገ የሰዓቱ ክፍያ 20 በመቶ መጨመር አለበት። ከዚህ ቁጥር በላይም በታችም የለም። ማኅበሩ የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ 20 በመቶ። ትራክተር የሚነዳውም፣ ወደብ ላይ ጆንያ የሚሸከመውም፣ ፊደል ያልቆጠረውም ቁጥሩ ይገባዋል። እኔ በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ገጽ ሙሉ ጥያቄ ይዘን ገብተን ባዶ እጃችንን የወጣንበትን ቀን አስታውሳለሁ። አንዲት ቁጥር ይዞ መግባት ጥበብ ነው።

አድማው መስከረም 21 ቀን 1953 ተጀመረ። ሌሎቹ የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ግዛቶች ብዙም አልገፉበትም። የጊኒ ሠራተኛ ግን ከሁለት ወር በላይ ሥራ አቁሞ ቆየ። ኅዳር መጨረሻ ላይ 20 በመቶው ተፈቀደ። ያገኘውም ጊኒ ብቻ አይደለችም፤ ሌሎቹም ግዛቶች ተጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ያለ ደመወዝ? ምን በልተው?

ጥያቄ ማለት ይህ ነው።

ያበሏቸው ሴቶችና ገበሬዎች ናቸው። የአድማ ፈንድ የሚባለው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ገበሬው ከገጠር ሩዝ ላከ። የገበያ ሴቶች መዋጮ ሰበሰቡ፤ ሸጠው ለውጠው የባሎቻቸውን ድስት ጣዱ። እንደ እኛ እድር በሉት። ሥራ ያቆመው ወንዱ ነው፤ አድማው እንዳይሰበር የያዘችው ግን ሚስት ናት። ሚስቱ «ልጆቹ ራባቸው፤ ሂድና ሥራህን ግባ» ብትለው አንድም ሰው ሳምንት አይቆይም ነበር። ማኅበር ውስጥ የነበራችሁ ይህን ታውቃላችሁ።

ቱሬ ከዚያ በኋላ ሴቶቹን አልለቀቀም። ፓርቲው የጊኒ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ይባላል፤ ሕዝብ ውስጥ የገባው በእነሱ በኩል ነው። የካቲት 1955 ቶንዶን የምትባል መንደር ውስጥ ምባሊያ ካማራ የምትባል የፓርቲው አባል፣ ነፍሰ ጡር ሆና፣ የአካባቢው ሹም በጎራዴ ወግቷት ሞተች። የትግሉ ሰማዕት ሆነች። ኮናክሪ ውስጥ አንድ ገበያ በስሟ ተሰየመ። የዚህንም ገበያ ስም ያዙልኝ፤ ዛሬ ብዙ ነገር አስያዝኳችሁ።

ጥያቄ፦ ከማኅበር ጸሐፊነት ወደ ሥልጣን የተሸጋገረው መቼ ነው?

ቶሎ ቶሎ ልሂድበት። በ1956 መጀመሪያ ፓሪስ ፓርላማ ገባ፤ የኮናክሪ ከንቲባነትንም አሸነፈ። ከሴጄቴ ተለይቶ በ1957 የጥቁር አፍሪካ ሠራተኞች አጠቃላይ ኅብረት የሚባለውን አቋቋመ። ክርክሩ ነጭ ሠራተኛና ጥቁር ሠራተኛ አንድ መደብ ነን ከሚለው ይልቅ ቅኝ ግዛት ይቅደም የሚል ነው። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ የውስጥ አስተዳደር ስትፈቅድ የመንግሥቱ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ፈረንሳዊው ገዥ ነው፤ የሥራው ባለቤት ግን ቱሬ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ግብር የሚሰበስቡትን የአካባቢ ሹሞች ሥልጣን ሻረ። ገበሬው በዚህ ብቻ ወደደው።

ጥያቄ፦ ደጎልን ፊት ለፊት «እምቢ» ያለው ቀን እንዴት ነበር?

ነሐሴ 25 ቀን 1958። የፈረንሳዩ መሪ ጄኔራል ደጎል አዲስ ሕገ መንግሥት ይዞ አፍሪካን እየዞረ ነው። «አዎ» ካላችሁ በፈረንሳይ ማኅበረሰብ ውስጥ ትቀጥላላችሁ፤ «አይ» ካላችሁ በሉ ሂዱ የሚል ምርጫ ነው። ኮናክሪ ሲደርስ መንገዱ በሕዝብ ተሞልቷል። ሕዝቡ ግን ለቱሬ ነው የሚጮኸው።

ምክር ቤቱ ውስጥ ቱሬ ነጭ ቀሚሱን ለብሶ ተነሳና እስከ ዛሬ የምትጠቀሰውን ተናገረ፦ «በባርነት ከመበልጸግ በነጻነት ደህይተን መኖርን እንመርጣለን።» አዳራሹ ተናወጠ። ደጎል ፊቱ ተለዋወጠ። ተነስቶም ነጻነት የፈለገ መስከረም 28 ቀን «አይ» ብሎ ሊወስዳት ይችላል፣ ፈረንሳይ አትከለክልም፣ መዘዙን ግን ተቀበሉ አለ። ሲወጣ ቆቡን ጠረጴዛ ላይ ረስቶ ሄደ ይባላል። ጄኔራል ቆቡን ከረሳ ምን ያህል እንደተናደደ አስቡት።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ቱሬ ብቻውን የቆመ ጀግና ያስመስለዋል። እስከ መጨረሻው ሳምንታት ድረስ በሩን ክፍት አድርጎ እያመነታ ነበር። «አይ» እንዲል ከሥር የገፉት የተማሪዎች ማኅበር፣ የመምህራን ማኅበር፣ የወጣቶቹና የሴቶቹ ክንፎች ናቸው። ፓርቲው ውሳኔውን በይፋ የወሰነው በመስከረም አጋማሽ ነው። መምህራኑንም አስታውሱልኝ።

ጥያቄ፦ ውጤቱስ?

95 በመቶው «አይ» አለ። ሌሎቹ ግዛቶች በሙሉ «አዎ» አሉ። ኒጀር ላይ ጂቦ ባካሪ የሚባል፣ እሱም የማኅበር ሰው፣ «አይ» በሉ ብሎ ቀስቅሶ ተሸንፎ ሥልጣኑን አጣ። ጊኒ ጥቅምት 2 ቀን 1958 ነጻ ወጣች። የማኅበሩ ጸሐፊ በ36 ዓመቱ የአገር መሪ ሆነ።

ጥያቄ፦ ፈረንሳዮቹ ሲወጡ አምፖል ሳይቀር ነቅለው ሄዱ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ?

እውነት ነው። ሺዎች የሚሆኑ ፈረንሳዊ ሠራተኞች በጥቂት ሳምንታት ተጠራርገው ወጡ። መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ። የስልክ ቀፎ ነቀሉ፣ መዝገብ ጫኑ፣ መውሰድ ያልቻሉትን ሰበሩ። ቤት ተከራይ ሲወጣ የበር እጀታ ፈትቶ እንደሚሄደው ዓይነት፤ ልዩነቱ ቤቱ መጀመሪያውኑ የነሱ አለመሆኑ ነው።

ያኔ እጁን የዘረጋው የጋናው ክዋሜ ንክሩማ ነው። 10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ሰጠ፤ ሁለቱ አገሮችም ኅብረት ነን አሉ። ውለታው አልጠፋም። በ1966 ንክሩማ በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርድ ቱሬ ኮናክሪ ወስዶ ተባባሪ ፕሬዚዳንት ብሎ ሰየመው። ሥልጣኑ የስም ነው፤ ቢሆንም የወደቀን ወዳጅ እንዲህ የተቀበለ መሪ ብዙ አላውቅም።

ጊኒ በ1960 የራሷን ገንዘብ ስታትም ደግሞ የፈረንሳይ የስለላ ድርጅት የውሸት ኖት አትሞ አገሪቱ ውስጥ ረጨ። ይህን በኋላ የድርጅቱ ሰዎች ራሳቸው ተናግረውታል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ መጥቶ ያውቃል?

መጥቷል። ግንቦት 17 ቀን 1955 በእኛ አቆጣጠር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሲፈረም አፍሪካ አዳራሽ ከነበሩት መሪዎች አንዱ ነው። ያኔ የደቡብ አፍሪካዋ ዘፋኝ ሚሪያም ማኬባም መጥታ ለመሪዎቹ ዘፍናለች። ይቺው ማኬባ በኋላ ጊኒ ሄዳ ዓመታት ኖረች።

የኛና የጊኒ ዋናው ትስስር ግን ሌላ ሰው ነው። በ1964 ድርጅቱ የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊውን ሲመርጥ የተመረጠው ጊኒያዊው ዲያሎ ቴሊ ነው። እስከ 1972 ድረስ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሠራ። ጽሕፈት ቤቱ የፖሊስ ኮሌጅ የነበረው ግቢ ነው፤ ጎኑ ደግሞ ዓለም በቃኝ እስር ቤት። ስምንት ዓመት ሙሉ እስር ቤቱን አጠገቡ አድርጎ ሠራ ማለት ነው። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ትልቁ ሕንፃ የቆመው ዓለም በቃኝ የነበረበት ቦታ ላይ ነው።

አንድ አስቂኝም አናዳጅም ነገር። በ1966 ጥቅምት መጨረሻ የጊኒ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ልዑካኑን ይዞ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሲመጣ አውሮፕላኑ አክራ አረፈ። የጋና ወታደሮች ገብተው 19 ጊኒያውያንን አወረዱና አሰሩ፤ ንክሩማን አስጠግታችኋል ብለው። አውሮፕላኑ የአሜሪካው አየር መንገድ የፓን አም ስለነበር ቱሬ ደግሞ በአሜሪካ አምባሳደር ተናደደና ቤቱ ውስጥ ቆለፈበት። ሰዎቹ የተለቀቁት ስንት ሽማግሌ ገብቶ ነው።

ጥያቄ፦ ዲያሎ ቴሊ በኋላ ምን ሆነ?

አገሩ ተመለሰ። ጓደኞቹ አትሂድ ብለውት ነበር ይባላል። ቱሬ የፍትሕ ሚኒስትር አደረገው። ሐምሌ 1976 «የፉላኒዎች ሴራ» በሚል ክስ አሰረው፤ ፉላኒ የብሔረሰብ ስም ነው።

የታሰረበት ካምፕ ቧሮ ይባላል፤ ኮናክሪ ውስጥ ካማየን ሰፈር። እዚያ አንድ ቅጣት ነበር፤ «ጥቁሩ ምግብ» ይሉታል። ክፍሉ ይዘጋብሃል፤ እህልም ውኃም አይገባም። በቃ፣ እስክትሞት በሩ አይከፈትም። ቴሊ በ1977 መጀመሪያ ላይ እንዲያ ሞተ።

እንግዲህ ከላይ አስይዣችሁ የነበረው ይህ ነው። በ15 ዓመቱ ምግቡ አይበላም ብሎ ያደመ ልጅ ነው። በ31 ዓመቱ ድሆች ሩዝ አዋጥተው የቀለቡትን አድማ የመራ ጸሐፊ ነው። በ55 ዓመቱ ሰውን በረሃብ የሚገድል እስር ቤት ባለቤት ሆነ። ይህን ሰው ባነበብኩ ቁጥር የምቆመው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ማኅበር ያቆመ ሰው እንዴት ማኅበር ያፈርሳል? ገብቶኝ አያውቅም።

አላፈረሰም፤ ዋጠው። ልዩነት አለው።

ነጻነት ሲመጣ ቱሬ ያለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አሠሪው ቅኝ ገዥ በነበረ ጊዜ አድማ ትክክል ነበር። አሁን አሠሪው የራሳችሁ መንግሥት ነው። በራሳችሁ ላይ ታድማላችሁ? ለሠራተኛው ጆሮ ይጥማል። መልሱ ግን ቀላል ነበር፦ የደመወዝ ወረቀቱን የሚፈርመው ማንም ይሁን ማን፣ እንጀራው ካነሰ አነሰ ነው። ማኅበራቱ ተጠቃለው የፓርቲው እጅ ሆኑ። ጸሐፊውን የሚሾመው ከላይ ነው። ሥራውም ሠራተኛው እንዲያመርት መቀስቀስ ሆነ።

የተፈተነው በ1961 ነው። የመምህራን ማኅበር የደመወዝ ጥያቄ አነሳ፤ በጽሑፍ፣ በሥርዓት። ያስታወሳችኋቸው መምህራን እነዚህ ናቸው፤ «አይ» እንዲል የገፉት። ቱሬ ሴራ ነው አለ። ኅዳር ላይ መሪዎቹ ታሰሩ። የማኅበሩ ዋና ሰው ኩማንዲያን ኬይታ 10 ዓመት ተፈረደበት። ተማሪዎች አስተማሪዎቻችንን ፍቱ ብለው ወጡ፤ ወታደር ገባባቸው፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የሶቭየት አምባሳደርም እጅህ አለበት ተብሎ ከአገር ተባረረ።

እኔን የሚገርመኝ ቱሬ የአድማን ጥበብ ማወቁ ነው። አድማ የት ላይ እንደሚሰበር፣ ማንን ብትይዝ ማን እንደሚበተን፣ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ጠንቅቆ ያውቃል። ቅኝ ገዥው ይህን እውቀት አልነበረውም። ለዚህ ነው ፈረንሳይ በ1953 ልትሰብረው ያልቻለችውን እሱ በ1961 በሳምንታት የሰበረው። የቀድሞ ጸሐፊ አለቃ ሆኖ ሲመጣ እንዴት እንደሚከብድ እኔም በትንሹ ቀምሻለሁ። አብሮን ሲጮህ የኖረ ጓደኛችን የሰው ኃይል ኃላፊ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲያ የትኛው አጀንዳችን የትኛው ቀን እንደሚወጣ ከኛ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ወንድሜ፣ ይህ የፈረንጅ ፕሮፓጋንዳ አይመስልህም? ሰውየው ተወርሮ እኮ ነው። ምን ያድርግ?

ተወሯል። ኅዳር 22 ቀን 1970 ሌሊት ፖርቱጋሎች የሚመሩት ጦር፣ ከጊኒ ስደተኞች ጋር ሆኖ፣ በባሕር ኮናክሪ ገባ። የጊኒ ቢሳውን የነጻነት ታጋይ አሚልካር ካብራልን ሊገድሉ፣ ቱሬን ሊገለብጡ፣ እስረኞቻቸውን ሊያስፈቱ ነበር። እስረኞቹን አስፈቱ፤ ሌላው ሳይሳካ ቀረ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ራሱ አውግዞታል። የውሸቱንም ገንዘብ ከላይ ነግሬሃለሁ። ሰውየው ሁሉንም ከባዶ ነገር አልፈጠረም።

ግን ወንድሜ፣ ከወረራው በኋላ የታሰሩትን ተመልከት። ሚኒስትሮቹ፣ የኮናክሪው ካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ፣ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎች። የተናዘዙበት ድምፅ በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ጥር 1971 ኮናክሪ ውስጥ ድልድይ ላይ ሰው ተሰቅሎ ሕዝብ እንዲያይ ተደረገ። ኬይታ ፎዴባ የሚባለው ደግሞ ከወረራው በፊት ነው የተገደለው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ እስር ቤቱን ያደራጀው እሱ ነበር፤ በ1969 እዚያው ገብቶ ቀረ። ይህን ፖርቱጋል አላደረገችውም።

ስንት ሰው ሞተ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በሺዎች መሆኑ ግን አያጠራጥርም። የተሰደደው ደግሞ በመቶ ሺዎች ነው። ሴኔጋልና አይቮሪ ኮስት በጊኒያዊ ተሞሉ።

ጥያቄ፦ ትንሽ እናርፍ። ኳስ ላይ እንዴት ነበሩ?

ድንቅ! 1968 በእኛ አቆጣጠር የአፍሪካ ዋንጫ እኛ ዘንድ ሲዘጋጅ ጊኒ ለዋንጫ ተቃርባ ነበር። የመጨረሻው ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ከሞሮኮ ጋር ነው፤ ጊኒ ካሸነፈች ዋንጫ ትወስዳለች። ቀድማ አገባች። ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ ሞሮኮ አቻ አደረገችና ዋንጫውን ይዛ ሄደች። ጊኒ እስከ ዛሬ ከዚያ በላይ አልደረሰችም። ቡድኑ «ሲሊ ናሲዮናል» ነው የሚባለው። ሲሊ በሱሱ ቋንቋ ዝሆን ነው፤ የፓርቲው ምልክት፣ የቱሬም ቅጽል ስም፣ በኋላ የታተመው ገንዘብም ስም። ሁሉም ነገር ዝሆን ነበር።

ጥያቄ፦ ሴቶቹስ? ያ ሁሉ ሩዝ ያዋጡት ዝም አሉ?

አላሉም እህቴ። ጊኒን ለሚያነብ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ የለም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ የግል ንግድ ተከለከለ። ዕቃ የሚሸጠው በመንግሥት ሱቅ ብቻ ነው፤ ሱቁ ደግሞ ባዶ። «የኢኮኖሚ ፖሊስ» የሚባል ተቋቁሞ የሴቶችን ዘንቢል ይበረብራል፤ የቀማውን ይበላል። ነሐሴ 27 ቀን 1977 አንድ ፖሊስ የአንዲትን ሴት ዘንቢል ልፈትሽ ብሎ ያዘ። እምቢ አለች። ጮኸች። ሴቶቹ ተሰበሰቡና ፖሊሱን አባረሩት። የት ነው ያላችሁ እንደሆነ ምባሊያ ገበያ ነው። በሰማዕቷ ስም የተሰየመው።

ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥት ጉዞ ሆነ። በመንገድ ላይ የፖሊስ ጣቢያ ሰባበሩ። ቱሬ ወጥቶ አነጋገራቸውና ለጊዜው በረድ አሉ። በማግሥቱ ግን ስብሰባ ጠርቶ እንደ ልማዱ ስለ ሴራ ሊያስተምር ሲጀምር ጮኸው አስቆሙት። አንደበተ ርቱዕ የሆነው፣ ደጎልን ያስደነገጠ ተናጋሪ፣ በገበያ ሴቶች ፊት ቃል አጣ። ወታደር ተኮሰ፤ ሰው ሞተ። አመጹ በየከተማው ቀጠለ።

በመጨረሻ ግን የለቀቀው እሱ ነው። የኢኮኖሚ ፖሊሱን በተነ፤ ንግዱንም ቀስ በቀስ ፈቀደ። ዛሬ ነሐሴ 27 በጊኒ የሴቶች ቀን ነው።

ጥያቄ፦ አሟሟቱስ?

መጋቢት 26 ቀን 1984 አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ላይ። ከሳምንት በኋላ ወታደሮቹ ሥልጣን ያዙ፤ ፓርቲው በአንድ ቀን ታሪክ ሆነ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ መሪዎች ጉባኤ ኮናክሪ ሊደረግ ታስቦ እንግዳ ማረፊያው ሁሉ ተሠርቶ ነበር። ጉባኤው ተዛውሮ ኅዳር ላይ የተካሄደው አዲስ አበባ ነው።

ጥያቄ፦ ከማኅበር ተነስቶ የአዲስ አገር የመጀመሪያ መሪ የሆነ ሌላ አለ?

አለ። ካሪቢያን ላይ አንቲጓና ባርቡዳ በ1981 ነጻ ስትወጣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቪር በርድ የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞችን ያደራጀ የማኅበር መሪ ነበር። ወደ እኛ ቀረብ ሲል ታንጋኒካ ላይ ራሺዲ ካዋዋ አለ። እሱ ግን ሁለተኛ ነው፤ ኔሬሬ በ1962 ሲለቅለት ነው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ። ዛሬ ጊኒዎች ምን ይሉታል?

እንደ ሰዉ ነው። አባቱ ካምፕ ቧሮ የቀረበት አንድ ነገር ይልሃል፤ ደጎልን «አይ» ያለበትን ንግግር በቃሉ የሚወጣው ወጣት ሌላ ነገር። በ2021 መጨረሻ ወታደራዊው መንግሥት የኮናክሪን አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ሰየመው። የሟች ቤተሰቦች ተቆጡ። በስደት የኖረ ሰው አገሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነበው ስም ያባረረውን ሰው ስም ሆነ።

ማኅበራቱ ግን ከሞት ተነስተዋል። በ2007 መጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበራት አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠርተው አገሪቱን ቀጥ አደረጓት። ብዙ ሰው ሞተ፤ ፕሬዚዳንቱም በመጨረሻ አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሾም ተገደደ። ከፊት ከነበሩት አንዷ ራቢያቱ ሴራ ዲያሎ ናት፤ ያ ቱሬ ውጦት የነበረው የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን የያኔ ዋና ጸሐፊ።

ቱሬ የተቀበረው በትልቁ መስጊድ ግቢ ነው፤ ካማየን ሰፈር። ካምፕ ቧሮም እዚያው ሰፈር ነው።